ቤዙ የማን ነበር?

ስለ አዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ ሲወራ ድምፃዊው ይቀድማል። ከዚያ የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ አለፍ ሲልም አቀናባሪው ይነሳል። ከድምፃዊው ኋላ ቆሞ ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን ሰው ስሙን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የያዘው መሣሪያ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ደግሞ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። ዝግጅቱ ሲያልቅ ቤዙን በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል? ወይስ አስረክቦ ባዶ እጁን ይወጣል?

ለአብዛኛው የከተማዋ ታሪክ መልሱ ሁለተኛው ነው። ባለቤቱ ቤተ መንግሥት ነበር፣ ጦር ሠራዊት ነበር፣ የምሽት ክበብ ከፋች ነጋዴ ነበር፣ ቀበሌ ነበር። ተጫዋቹ ተዋሽ ነው። ከፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ ሰው የዚህ ውሰት ታሪክ የተሠራባቸውን ሰፈሮች ግራና ቀኝ እያየ ያልፍ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከእነዚያ ሰፈሮች ብዙው የለም።

ነገሩ ለምን በቤዝ ይጀመራል? ክራር የቸገረው ሰው እንጨት ጠርቦ፣ ቆዳ ወጥሮ ሊሠራ ይችላል። ማሲንቆውም ዋሽንቱም ከአገር ቤት ዕቃ ይሠራል። ወፍራም ድምፅ ለዚህ አገር ጆሮ እንግዳ ነው ማለትም አይደለም። ዐሥር አውታር ያለው በገና ጥልቀቱ ከማንም ቤዝ አያንስም፤ እቴጌ ጣይቱ ይደረድሩት እንደነበር በሰፊው ይነገራል። በቅርቡም የባህል ባንዶች ቤዝ ክራር ይዘው ብቅ ብለዋል። የኤሌክትሪክ ቤዝ ግን ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ ነው። አምፕሊፋየር ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ብቻውን ሲጫወቱት ሰው አይሰበስብም። ጊታር የያዘ ጎረምሳ አንድ ትዝታ አንጎራጉሮ የሰፈሩን ልጆች ደጁ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ቤዝ የያዘው ከበሮ መቺና ጊታሪስት እስኪያገኝ ድረስ የጎረቤት ግድግዳ ከማንቀጥቀጥ ያለፈ ነገር የለውም። ስለዚህ ቤዝ የሚወድ ሰው የሚያውሰውም አብሮት የሚጫወትም ሰው ይፈልጋል። ሁለቱም የሚገኙት ሰፈር ውስጥ ነው።

መሣሪያውን መርጠው የሚይዙትም ጥቂቶች ናቸው። ቢትልስ ውስጥ ፖል ማካርትኒ ቤዝ የያዘው ስቱዋርት ሳትክሊፍ ከባንዱ ሲወጣ ቦታውን የሚፈልግ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነበር። በየአገሩ ያለ የሰፈር ባንድ ወግ ይኸው ነው፤ መጨረሻ የመጣው ቤዝ ይይዛል። ከያዘ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ አይለቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ በባለቤትነት ታሪኩ የሚጀምረው ከላይ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ አርባ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ከአስተማሪ ጋር ለዐፄ ምኒልክ ላኩ። ያኔ ኤሌክትሪክ ቤዝ የሚባል ነገር በዓለም ላይም የለም፤ በማርሽ ባንድ ውስጥ የቤዙን ድርሻ የሚይዘው ያ ትልቁ ቱባ ነው። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች አዲስ አበባ ገቡ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ የአገሪቱን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማም የደረሱት እሳቸው ናቸው። አርባ መሣሪያ፣ ኋላም አርባ ልጆች። ቁጥሩ የገጠመው በአጋጣሚ ቢሆንም ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል፤ መሣሪያውም ተጫዋቹም በመንግሥት መዝገብ ላይ የተቆጠሩ ነበሩ።

ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ጣሊያን ድንበር ላይ ነበር። ማኅበሩ ሕዝብን በንግግርና በዘፈን ለመቀስቀስ ቆመ፤ ከነፃነት በኋላ ቴአትርና ሙዚቃ ቤት ሆኖ ቀጠለ። በ1940ዎቹ መባቻ ደግሞ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለብቻው ተሰጠው። በአንድ ከተማ ውስጥ መሣሪያውም፣ መድረኩም፣ ሸክላውም በመንግሥት ወይም ለመንግሥት በቀረበ እጅ ነበር ማለት ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት ኦርኬስትራው በኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር ተመራ፤ ቆየት ብሎም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ትልቁን ሥራ ሠሩበት። ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦርና ፖሊስ ሠራዊት የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ለተጫዋቹ ወታደር ኮንትራባሱ እንደ ጠመንጃው የመንግሥት ንብረት ነው። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ክቡር ዘበኛ ውስጥ የነበሩ ሙዚቀኞችም በጥርጣሬ ታዩ፤ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ታስሯል። ጌታው ሲወድቅ መሣሪያ የያዘውም አብሮ ይጠየቃል።

ሊዮ ፌንደር የኤሌክትሪክ ቤዙን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። አንድ ሰው በትከሻው ሊሸከመው የሚችል፣ አንገቱ ላይ ጣት የሚቀመጥበት ቦታ የተለየለት መሣሪያ ነበር፤ እንደ ኮንትራባስ የሰው ቁመት አያክልም፣ ለማጓጓዝም ታክሲ አይሞላም። አዲስ አበባ ላይ የምሽት ክበቦች ሲበዙ እሱም መጣ። ውቤ በረሃ እንቅልፍ አጣ፣ ሆቴሎች የየራሳቸውን ባንድ ቀጠሩ። ዐምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሀገር ፍቅርን የብቻ መብት ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ሙዚቃው ከመንግሥት እጅ መውጣት ጀመረ።

መሣሪያው ግን ገና አልወጣም። ጌታው ተለወጠ እንጂ ውሰቱ ቀጠለ። ክበብ የሚከፍት ነጋዴ ቤዙን፣ ኦርጋኑን፣ ከበሮውንና ድምፅ ማጉያውን ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ሙዚቀኞች ይቀጠሩና ይጫወቱበታል። ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ሙዚቀኛ ከሥራው ጋር መሣሪያውንም ያጣል። ለልምምድ የሚሆን ሰዓት የሚወስነውም ቁልፉ በእጁ ያለው ሰው ነው።

የዋልያስ ባንድ ታሪክ ትልቅ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ስለ ባንዱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፣ ይገባዋልም። ነገር ግን ከቬነስ ክለብ የወጡት እነዚያ ልጆች ከዜማው በፊት አንድ ሌላ ነገር አድርገው ነበር፤ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ኦርጋኑ የኃይሉ መርጊያና የጓደኞቹ ሆነ፣ መላኬ ገብሬ የሚጫወተው ቤዝም የባንዱ ሆነ። የራሱ ዕቃ ያለው ባንድ ከሂልተን ሆቴል ጋር እኩል ተቀምጦ ውል መዋዋል ቻለ፤ እዚያም ዓመታት ቆየ። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ እንግዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ መውጣት ስለማይችል በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ ይጨፈራል። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አንድ ተጫዋች መሣሪያውን ያን ያህል ሰዓት በእጁ ሲይዝ ምን እንደሚሆን መስማት የፈለገ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የወጣውን «ቸ በለው» ያዳምጥ። ቤዙ አይቸኩልም። አንዱን አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለስበታል፤ ሌላው ሁሉ በላዩ ይሄዳል።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደ። ከአባላቱ አራቱ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኬ ገብሬ፣ እዚያው ቀርተው ዙላ ባንድን መሠረቱ። ኃይሉ ኋላ ላይ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን የመኪናው ኮፈን ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ አየር መንገድ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። ይህን ወሬ ብዙዎች እንደ አሳዛኝ ታሪክ ያወሩታል። በዚህ ጽሑፍ መስመር ከታየ ግን ተቃራኒው ነው። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ከነበረበት ክበብ የወጣ ሙዚቀኛ መሣሪያውን የገዛ መኪናው ውስጥ አስቀምጧል፤ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጫወታል።

አገር ቤት የቀሩትም ነበሩ። ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ የያዘው ቤዝ በአንድ ትውልድ ካሴት ሁሉ ውስጥ አለ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከአይቤክስ ጋር ተቀርጾ በኋላ አውሮፓ ሲታተም የውጭው አድማጭ ጆሮ ያቆመው የማሕሙድ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ቤዝም ነው። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግን የድምፃዊው ፎቶ አለ፣ የባንዱ ስም አለ፤ ቤዙን የተጫወተው ማን እንደሆነ ፈልጎ የሚያገኝ ጥቂት ነው። አሜሪካም ቢሆን ያው ነበር። የሞታውንን ዘፈኖች በጣቱ ያቆመው ጄምስ ጄመርሰን ስሙ ሸክላ ላይ የተጻፈለት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ እስከዚያ ዓለም ሁሉ ሲጨፍርበት ኖሯል።

እስካሁን የተወራው ስለ ባለሙያዎቹ ነው። የሰፈሩ ልጅ፣ ሙያው ሌላ ሆኖ ማታ ማታ ቤዝ መንካት የሚወደው፣ ከየት አገኘ?

ለዚህ መልሱ አንድ አዋጅ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በሙዚቃ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ አይነሳም። ቢሆንም ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ቀበሌን አብሮ ወለደ፤ ቀበሌም ኪነት ወለደ። በየቀበሌው፣ በየከፍተኛው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ዓላማው አብዮቱን መዘመር ነበር፤ ግጥሞቹ ዛሬ ቢሰሙ ብዙዎቹ አይሰሙም። ነገር ግን ለኪነቱ ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ ተገዛ። አባቱ ጫማ ሰፊ፣ እናቱ ጉልት ቸርቻሪ የሆነ ልጅ በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቤዝ ያዘ፤ ሌላ ቦታ ቢሆን መስኮት ላይ ከማየት አያልፍም ነበር። አንዱ ሲደክመው ለሌላው ያቀብላል። የሚችለው ለማይችለው ያሳያል። ኖታ የሚያነብ የለም፤ ካሴት እያጠነጠኑ፣ እያስቆሙ፣ እንደገና እየመለሱ ነው። የቤዝ ክር ሲያረጅ ድምፁ ይደፈናል፤ አዲስ ክር ስለማይገኝ አውልቆ በፈላ ውሃ መቀቀል ነው። ቅባቱ ሲለቅ ክሩ ለጥቂት ቀናት ጥርት ብሎ ይናገራል። ይህን ዘዴ በየዓለሙ ያሉ ቤዝ ተጫዋቾች ያውቁታል፣ ሀብታሙ አገር ያለውም ጭምር።

ውሰቱ ሕግ ነበረው፤ ያልተጻፈ ሕግ። መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ እንደ እድር ዕቃ ነው። የእድር ድስትና ድንኳን የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው፤ ሆኖም ማን ጋ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። «ጋሼ፣ ቤዙን ለቅዳሜ» ያለ ልጅ እሑድ ካልመለሰ ሰኞ ጠዋት እናቱ ትሰማለች። ቅጣቱ ይኸው ነው፣ ይበቃልም። ይህ እንዲሠራ ግን ተዋሽና አዋሽ በእግር የሚደራረሱ፣ እናቶቻቸውም የሚተዋወቁ መሆን አለባቸው።

አዋጁ የሠራው ሌላ ነገርም አለ። ያው ቀበሌ ቤዙን ያዋሰው ልጅ የሚኖርበትን ቤትም ለቤተሰቡ ያከራየው እሱ ነው። ከፒያሳ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፣ አብዛኛው ሰው በቀበሌ ቤት ኖረ። ለአርባ ምናምን ዓመት ልጅ ወልዶ፣ ድሮ ወልዶ፣ ጣሪያ ለውጦ ኖረበት። ባለቤት ግን አልነበረም። ቤቱም ውሰት፣ ቤዙም ውሰት።

የኪነት ቡድኖቹ በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር ከሰሙ። ተከትሎ የመጣው ዘመን ለቤዝ ተጫዋች አልተመቸም፤ በብዙ ካሴቶች ላይ የቤዙን ድርሻ አንድ ኪቦርድ ወሰደው። በዚያ ጊዜ ቤዝን በሕይወት ካቆዩት ቦታዎች ዋናዎቹ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ይህን ዓለማዊ ሙዚቀኞችም አይክዱትም። ዛሬ በከተማዋ መድረኮች የሚታዩ ብዙ ወጣት ቤዝ ተጫዋቾች መጀመሪያ ጣታቸውን ያፍታቱት በአምልኮ ባንድ ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን በተገዛ ቤዝ ነው። እዚያም መሣሪያው የጋራ ነው፤ ቅዳሜ ልምምድ፣ እሑድ አገልግሎት፣ ከዚያ ቁምሳጥን።

ፒያሳ ራሷም አንድ ጊዜ ነፍስ ዘርታ ነበር። የቤዝ ተጫዋቹ ሄኖክ ተመስገን አሜሪካ በርክሊ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ዋሽንግተን ላይ «አድማስ» ከተባለው ቡድን ጋር «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ሠርቶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩ ተመልሶ ማስተማር ጀመረ። ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ከእሱና ከባልደረቦቹ ጋር የተያያዘ ነው። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ ላውንጅ ደግሞ ወጣት ሙዚቀኞች አንጋፋዎቹን በአንድ ክንድ ርቀት እያዩ የሚማሩበት ቦታ ሆኖ ነበር። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እሱም አብሮ ነደደ።

ከዚያ 2016 መጣ። በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ በሳምንታት ውስጥ የኮሪደር ልማቱ ዙሪያውን ማፍረስ ጀመረ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ሰው ሊኖርባቸው የማይገባ ነበሩ። አንድ መጸዳጃ ቤት ለስንት አባወራ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከወንዙ ጋር ትግል። በወንዙ ዳር ያለውን ሰፈር «እሪ በከንቱ» ያሉት ሰዎች ቀልደኞች ብቻ አልነበሩም፤ ጩኸት የማይሰማበትን ቦታ ስም አወጡለት። አሁን መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው አምሯል፣ ማታ መብራት አለ። ይህን የሚጠላ የለም።

የጠፋው ግን በካሬ ሜትር የሚለካ አይደለም፤ ስለዚህ ካሳ ሲሰላ ማንም አልቆጠረውም። የአንድ ግቢ ሰዎች ወደተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ተበተኑ። ከበሮ መቺው አንድ ጫፍ፣ ቤዙ ያለበት ልጅ ሌላ ጫፍ ሆነ። ቤዝ ተሸክሞ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ለአንድ ሰዓት ልምምድ የሚመጣ አማተር የለም፤ ቢኖር ለአንድ ወር ነው። ለጀማሪ ደግሞ ዋናው ነገር ቅርበቱ ነበር፤ በግድግዳ በኩል ሰምቶ፣ በር አንኳኩቶ «አንዴ ልንካው?» ማለት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ማንም የማንንም በር ለዚህ አያንኳኳም። ቢያንኳኳም ስለ ጩኸት ሊከስ የመጣ ነው የሚመስለው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። መሣሪያ የሚያመጡ ነጋዴዎች የሚያስመጡት በዶላር ነው። ለራሱ ቤዝ ለመግዛት ዓመት ሙሉ እቁብ የገባ ልጅ እጣው ሲደርሰው የግማሹን አገኘ። ውሰቱ ሲበተን መግዣውም እኩል ራቀ ማለት ነው፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው ነው ጉዳዩን የከፋ ያደረገው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ በእግር ሲኬድ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ሰፊ ነው፣ ወጣት አይጠፋውም። ካናዳ ውስጥ የቶሮንቶ ከተማ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ጊታርና ቫዮሊን እንደ መጽሐፍ ያውሳል። ሕዝቡ የለገሳቸው መሣሪያዎችም አሉበት፤ የአባልነት ካርድ ያለው ወስዶ ይመልሳል። አዲስ አበባ ለዚህ ከቶሮንቶ የምትማረው ብዙ የለም። በየወጣት ማዕከሉና በአብርሆት ሁለት ሦስት ቤዝ፣ ከነአምፕሊፋየራቸው፣ ድምፅ የማያስወጣ አንድ ክፍል፣ አንድ መዝገብ። በየመደርደሪያው አቧራ የሚጠጣ ጊታር ያለው ዲያስፖራም ሆነ የአገር ቤት ሰው ቢጠየቅ ይሰጣል፤ እስካሁን የጠየቀው የለም።

«ቢሰበርስ? ቢጠፋስ?» የሚል የበጀት ሰው አይጠፋም። እሱን የሰፈሩ እድር ዕቃ ቤት ጠባቂ ጋ መላክ ነው። ድስቱ ሲወጣ በደብተር ይጽፋሉ፤ ሲመለስ ገልብጠው ሥሩን ያያሉ፣ ማንኪያውን ይቆጥራሉ፤ የጎደለ ካለ ያስከፍላሉ።